የድንኳኖቹ ፈቃድ

ይድረስ ለወንድሜ ለአክረም፤ አሰላሙ ዓለይኩም። ልጆቹ፣ ጎረቤቱ፣ ያቺ የምትራገጥ ላምህ ሳትቀር እንዴት ናችሁ? እኛ እዚህ አሜሪካ፣ ፍሪድሊ ከተማ፣ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን።

የምስራች! ከከተማ ወጣ ብሎ ባለው እርሻችን ላይ ለሽርሽር እንግዶች የሚከራዩ ድንኳኖች እንድንተክል ካውንቲው፣ ማለት የአካባቢው አስተዳደር፣ ፈቀደልን። ድንኳን ስልህ ያኔ ለእማዬ ለቅሶ እንደተከላችሁት እንዳይመስልህ፤ አልጋና ሻወር ያለው ነው።

ወንድማችን መንሱር አንድ ትሪ ሳምቡሳ አስጠብሶኝ ፈቃዱ በሚወሰንበት ስብሰባ ላይ ለኮሚቴዎቹ አቀረበ። «ለሚወስን ሰው ስጦታ ክልክል ነው» ብለው መለሱለት! እፍረቴን አትጠይቀኝ። እሱ ግን ትሪውን ይዞ «ጫጫታ ይበዛብናል» ብለው ሊቃወሙን ወደመጡት ጎረቤቶች ዞረ። ሳምቡሳው ሲያልቅ ተቃውሞውም አለቀ።

ስንመለስ ድራይቭ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ አሁን የመኪናው ቁልፍ እኔ ጋ ነው የሚውለው። ቤት እንደገባን ደግሞ «ለነገው ስብሰባ ሳምቡሳ ጥበሽ» አለኝ። ስቄ ጠበስኩለት።

ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ አላህ በጤና ያገናኘን። መንሱርም ሰላም ብሎሃል። ጉልበቷን ስለሚያማት ለበሩ የሚቀርበውን ድንኳን ለእማዬ ይዞላታል። እኔ መሞቷን አላስታወስኩትም፤ እሺ ብዬዋለሁ። ሲደውልልህ አንተም እሺ በለው።

እህትህ ከድሪያ