«አልሰማም»፦ ጠብቆ እንዲነበብ

እኔ ተናዛዧ ዘፋኝ፣ ዛሬ ሐሙስ ሰኔ አራት ቀን ከቀትር በኋላ፣ በመኝታ ቤቴ ተኝቼ፣ ሳንባዬ እንጂ አእምሮዬ ሳይታወክ፣ ማንም ሳያስገድደኝ በሦስት ምስክሮች ፊት ቃሌን እሰጣለሁ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው።

ባለ ሁለት ክፍሉን ቤቴን ከነዕቃው ለልጄ አውርሻለሁ። ልጅነቷን ከመድረክ ጀርባ በልብስ ሻንጣ ላይ ተኝታ አሳልፋለችና ቢያንስ አልጋ ይኑራት።

የመድረክ ቀሚሶቼ ለታላቅ እህቴ ይሰጡ። «የዘፋኝ እህት ተባልኩ» ብላ አሥር ዓመት ዘግታኛለች። ቢጠቧትም ትልበሳቸው። ቂም አልያዝኩባትም፤ ቂምም ጉልበት ይፈልጋል።

የዘፈኖቼን ግጥምና ዜማ የደረስኩት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ የሚያውቅልኝን ዘፈን ግጥም ግን የጻፈው እዚህ የተቀመጠው ሦስተኛው ምስክር፣ የአኮርዲዮን ተጫዋቼ ነው። በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ፦ «ስሙ ሲጠራ አልሰማም»። እኔ አላልቼ ዘፈንኩት፤ የከዳኝን ወንድ ስም ሲያነሱብኝ ጆሮ አልሰጥም እንደማለት። ሕዝቡ ጨፈረበት። በተቀዳ ዕለት እሱ ከስቱዲዮው መስታወት ማዶ ቆሞ ነበር። «ምነው፣ ቅር አለህ?» ስለው፣ «ምንም፣ ጥሩ ነው» አለኝ።

በዓመቱ እናቱን ልጠይቅ ብሄድ ሬዲዮው ያንኑ ዘፈን ያሰማል። «ጠበቅ አድርጊው እንጂ ልጄ» አሉኝ። «ነርሷ በስሙ ስትጠራው እኮ አልሰማም።» ለካ ግጥሙ ሆስፒታል ለሞተው ታናሽ ወንድሙ ኖሯል። ማልቀስ ነበረብኝ፤ አልመጣልኝም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ሠላሳ አንድ ዓመት እንዳላላሁት ዘፈንኩት። እሱም ሆድ ይፍጀው ብሎ ከኋላዬ አጀበኝ። አሁን ስናገረው እንኳ ምንም አይሰማኝም።

ስለዚህ በቀብሬ ቀን ልጄ «አልሰማም» የሚለውን ቃል አጥብቃ ትዝፈነው።

እስከዚህ ተጽፎ ሲነበብልኝ ጸሐፊው ቃሉን አላልቶ አነበበው። አልፈረድኩበትም፤ አጻጻፉ አንድ ነው። ወረቀት ስለማይረዳን ምስክሮች በጆሯችሁ ያዙልኝ ብዬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አጥብቄ ተናገርኩት።

ከዚህ ቀደም የተናዘዝኩት ቢገኝ ፈርሷል። ለዚህም በእጄ ፈርሜያለሁ።

የተናዛዧ ፊርማ

አንደኛ ምስክር፣ ጎረቤቷ፦ ጠብቆ ሲነገር ሰምቻለሁ። ፊርማ

ሁለተኛ ምስክር፣ ልብስ ሰፊዋ፦ ጠብቆ ሲነገር ሰምቻለሁ። ፊርማ

ሦስተኛ ምስክር፣ አኮርዲዮን ተጫዋቹ፦ ሰምቻለሁ። ልጅቷ ግን እንደ እናቷ አላልታ ትዝፈነው። እኔም የለመድኩት እሱን ነው። ፊርማ