የአባትህ እጅ

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ኅዳር 14 ቀን 2005 ዓ.ም.

የሆዴ ልጅ ምንተስኖት፣

የጁባ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ዘንድ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ይህን ወረቀት የሚያደርስልህ ዕቃ ጭኖ የሚመጣው የጎረቤታችን የእትዬ ጣይባ ልጅ ከሊድ ነው። በስልክ የማይነገር ነገር ስላለኝ ነው የጻፍኩት፤ ስልኩ እንደሆነ አንጀቴ ሳይርስ ነው የሚቋረጠው። ቁጭ ብለህ አንብበው።

ባለፈው ሳምንት ልታገባት ስላሰብካት ስለ ሊድያ ስታጫውተኝ፣ "ስንሰነባበት እጄ አልላቀቅ አለኝ፤ እሷ ፍቅር መስሏት ሳቀች" አልከኝ። እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን የአባትህ እጅ ትዝ አለኝ።

አባትህን ያወቅሁት ኮምቦልቻ፣ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካው በር ላይ ነው። እሱ ከሌሊት ፈረቃ ሲወጣ፣ እኔ ስገባ፣ የአክስቴ ልጅ አስተዋወቀችን። ጨበጠኝ፤ አልለቅ አለ። የወሎ ሰው ሰላምታው ረጅም ነው፤ የእሱ ግን ባሰ። ሴቶቹ "ሞላማ ወደቀልሽ!" ብለው ሳቁብኝ። እኔም ሞኟ አመንኩ። በዚያው ተጋባን። ኋላ ጣቶቹ ክሩ ላይ እየተቆለፉ ከሥራ እስኪወጣ ድረስ በሽታ ነው ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ያኔ ነው ሐኪም ጭንቅላቱን ሳይቀር ፎቶ አስነስቶ፣ ጡንቻው አንዴ ከጨበጠ ቶሎ የማይላላበት በሽታ ነው ያለን።

እጁስ ይሁን፣ ቻልኩት። የከበደኝ ከዚያ ወዲህ የመጣው ነው። አንተ ከሄድክ በኋላ አባትህ ዝም አለ። ይቀመጣል፣ ያንቀላፋል፣ ይነቃል፣ መልሶ ይቀመጣል። አምና ታይፎይድ ጥሎኝ ከንፈሬ ሲሰነጠቅ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ያየኛል። "ሞላ፣ ውሃ" ስለው ብድግ ብሎ አመጣልኝ። ካላልኩት ግን አያመጣም። እትዬ ጣይባ ተናዳ፣ "ወላሂ አትጠገብ፣ ይሄ ሰውዬ ልቡ ሌላ ቤት ነው" አለችኝ። አንድ ቀን ሽንኩርት ልኬው ሲዘገይብኝ፣ ዛሬስ ያዝኩት ብዬ ሰኞ ገበያ ወረድኩ። ዘንቢሉን ታቅፎ ድንጋይ ላይ ተኝቶ አገኘሁት። ምነው ሴት በሆነ! ተጣልቼ እመልሰው ነበር።

መስከረም ላይ አዲስ አበባ ወሰድኩት። ሐኪሙ የጭንቅላቱን ሁለት ፎቶ፣ ከሥራ በወጣ ጊዜ የተነሳውንና የአሁኑን፣ ጎን ለጎን መብራት ላይ ሰቀለ። በአሁኑ ላይ ያኔ ያልነበረ ነጭ ነጭ ነገር አየሁ። "በሽታው የጡንቻ ብቻ አይደለም፤ በዓመታት ቀስ እያለ አንጎልንም ይለውጣል። እንቅልፍ ያበዛል፣ ተነሳሽነት ያሳጣል። ስንፍናም ጥላቻም አይደለም፣ እናቴ" አለኝ። ቀጥሎ ልጅ እንዳለን ጠየቀኝ። ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ሁሉም ልጅ ላይ ግን አይደርስም አለ። አንተ ላይ ምንም አይቼ ስለማላውቅ፣ "ልጄ ደህና ነው" ብዬው ወጣሁ።

እንግዲህ በጥር ሽማግሌ ልትልክ ነው። ሽማግሌው ይቆይ፣ አስቀድመን ሐኪም ዘንድ እንሂድ። ምናልባት ያንተ እጅ ድካም ብቻ ይሆናል፤ እሱንም አብረን እንሰማለን። ለሊድያም ንገራት። እኔ ሳላውቅ ነው የገባሁበት፤ እሷ አውቃ ትምረጥ። ብትቀርም አትፍረድባት።

አባትህን፣ "ያን ቀን እጄን ያልለቀቅከው ወደኸኝ ነው ወይስ በሽታው ይዞህ?" ብዬ ጠየቅሁት። "ሁለቱም" አለኝና እንቅልፍ ወሰደው። አጠገቡ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከሰው ጋር እየኖሩ ብቻን መሆን ክፉ ነው፣ ልጄ። ስላንተ የማወራው ለግድግዳው ነው። እሱ አይጠይቅህም። ስለጠላህ እንዳይመስልህ፤ መናፈቁ ራሱ ደክሞበት ነው።

ባለፈው፣ "እማዬ፣ ናፍቆታችሁ አላስቀምጥ አለኝ" ብለህ ስታለቅስ፣ አይዞህ ትለምደዋለህ አልኩህ። አትልመደው። ሌላ እናት ብትሆን ናፍቆቱን ያቅልልልህ ብላ ትመርቅህ ነበር። እኔ ግን እግዚአብሔር ሲነጋም ሲመሽም እንደናፈቅንህ ያቆይህ እላለሁ።

እናትህ አትጠገብ