ዳማን ከመሬት

ሰኞ

አልቻልሁም። ግራ እግሬን እርካቡ ውስጥ ከተትሁ፤ የዳማን ጋማ ጨበጥሁ፤ ልነሣ ስል ጉልበቴ ከዳኝ። ፈረሱ ዞር ብሎ አየኝ፤ እንዴት እንዳፈርሁ!

ልጄ መላኩ ለካስ አጥሩ ሥር ቆሞ ያያል። «አባዬ፣ ዘንድሮ እኔ ልጋልብልዎ። እርስዎ ከሽማግሌዎቹ ጋር ድንኳን ውስጥ አረፍ ይበሉ» አለኝ። ድንኳን! ጢሜ ሳይወጣ ጀምሮ በእንጅባራ የፈረሰኞች በዓል ተሰልፌ የማውቅ ሰውዬ! እርግጥ ዓምና እሱ ነው ደግፎ ያወጣኝ። ተናደድሁና «እሁድ በበዓሉ ሜዳ ላይ፣ ሰው ሳይነካኝ ከመሬት ካልወጣሁ ውሰደው» አልሁት። ምን አፌን አስከፈተኝ?

ማክሰኞ

ክረምት ላይ እግሬ ተሳስሮብኝ ጤና ጣቢያ ስሄድ ሐኪሟ ያዘዘችኝን እንቅስቃሴ ዛሬም ሠራሁ። እጅ ሳያስደግፉ ከዱካዋ፣ ከትንሿ በርጩማ ላይ መነሣት፣ መቀመጥ። ግድግዳ ይዞ በአንድ እግር መቆም። ከዚያ ዳገቱን በእግር። መስከረም ላይ ከዱካዋ ለመነሣት ምሰሶ እይዝ ነበር፤ አሁን እጄን አጣምሬ ነው ብድግ የምለው።

ባለቤቴ ጥሩወርቅ «ሁዳዴ ሳይገባ ስግደቱን ጀመርኸው?» ትለኛለች። ትሣቅ።

ረቡዕ

መላ አገኘሁ! ጓሮ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ጎን ዳማን አቆምሁት፤ ድንጋዩ ላይ ወጣሁ፤ ከዚያ ኮርቻው ላይ ጉብ! እስከ ጥርባ ጋልቤ ተመለስሁ። ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሆንሁ። ሰባውን ማለፌን ማን ያምናል?

ሐሙስ

ዛሬም በድንጋዩ። ደጋግሜ ወጣሁ፣ ወረድሁ። ዳማ ብልጥ ነው፤ ልጓሙን ሳልስበው ራሱ ሄዶ ድንጋዩ ጎን ይቆምልኛል።

አያ ካሴ መጣ። አብረን ነው ያደግነው፤ ፈረሱን ከተወ ቆይቷል፤ አሁን የድንኳን ሰው ነው። «ተው አንተ ሰው፣ የሄደ ጉልበት አይመለስም» ብሎኝ ሄደ። ራቴን በደንብ አልበላሁም።

ዓርብ

ጉድ ሆንሁ። ከመሬት ልሞክር ብዬ ሜዳው ላይ ባቆመው ዳማ አልቆም አለ። እየጎተተ ወደ ድንጋዩ! እኔው በገዛ እጄ አስለመድሁት። ፈረስ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያደርጋል? የመላኩን ድጋፍ ጠልቼ ድንጋይ ደጋፊ አበጀሁ።

ለማንም አልተናገርሁም።

ቅዳሜ

ዳማን አሳረፍሁት። እኔ ዱካዋን አልተውኋትም። ጥሩወርቅ በርኖሴን ከሣጥን አውጥታ አናፈሰችው። ባልነግራትም ታውቃለች።

እሁድ

እንቅልፍ እንቢ ብሎኝ ነው የምጽፈው። ከደስታ ነው።

ሜዳው በፈረስ ተሞልቶ ነበር። ዳማ ድንጋይ ፈለገ፣ አጣ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እየጎተተ ወስዶኝ ከአንዲት የቆመች ባጃጅ ጎን ቀጥ! ሹፌሩ «አባባ፣ ፈረሱም ሊሳፈር ነው እንዴ?» አለ። ሰው ሁሉ ሣቀ። መላኩ አልሣቀም፤ እጁን ሊዘረጋ ተጠጋ።

«እንዳትነካኝ!» አልሁት። ዳማን ወደ ሜዳው መለስሁት። በአዊኛ ቆጣ ብዬ ቁም አልሁት፤ ቆመ። እግሬን እርካቡ ውስጥ ከተትሁ። ዱካዋን አሰብሁ። ያንን ሁሉ ወራት እንደተነሣሁት በቀኝ እግሬ መሬቱን ገፋሁና ተነሣሁ። መሀል ላይ ትንሽ ተንጠልጥዬ ቀረሁ፤ አለቀልኝ ስል ራሴን ኮርቻው ላይ አገኘሁት።

የጥሩወርቅ እልልታ ከሁሉ በላይ ተሰማኝ። መላኩ ፊቱን አዙሮ ዓይኑን ጠረገ። «አባዬ፣ ዳማ የእርስዎ ነው» አለኝ። ይወቀው!

ማታ ጉልበቴን እያሸሁ ሳለ አያ ካሴ መጣ። ከድንኳን ሆኖ አይቶኛል። ቆመ፣ ተቀመጠ። መጨረሻ ላይ «ያቺ ዱካ የት ናት?» አለኝ። አመጣሁለት። እጁን አስደግፎ ሊነሣ ሲል «ያለ እጅ!» አልሁት። አልቻለም። ነገ በጠዋት እመጣለሁ ብሏል።

ለከርሞ እንጃ። ዘንድሮ ግን ከመሬት ነው የወጣሁት።