እንዳታስልና እንዳትስቅ ስለታዘዘችው ባለቤቴ

ለተከበሩ አቶ ልደቱ፣ የአምባ በር ጤና ጣቢያ ኃላፊ

እንደምን ሰነበቱ? እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ወንበርዎ ደህና ናችሁ? የእኛን ጤና ከእኛ ይልቅ እርስዎ ስለሚያውቁት አልነግርዎትም።

ባለቤቴ ዘቢደር ስታስል፣ ስታስነጥስ፣ እንስራ ስታነሣ ሽንቷ ያመልጣታል። ይህን በአደባባይ የምጽፈው «መሸሸጉ በቃኝ፤ ስሜን ጻፈው» ብላ ራሷ ስለፈቀደች ነው። እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ «እርጅና ነው፤ ከባድ አታንሺ፣ አታስዪ፣ ብዙም አትሳቂ» ብለው ስለመከሯት አመሰግናለሁ። ወንድ እንስራ አዘለ ብሎ መንደሩ ቢስቅም ውኃውን እኔ እቀዳላታለሁ። በዚህ በሰሜን ብርድ ሳሏን ግን ልሸከምላት አልቻልሁም። ስለ ሣቋ አይስጉ፤ ከእርስዎ ዘንድ ከተመለሰች ወዲህ አልሣቀችም።

ሁለተኛ፣ ለፊስቱላ ዘመቻ ዳባት የመጣችው ሐኪም መርምራት ነበር። ፊስቱላ እንዳልሆነ፣ ሽንት የሚይዘውን ጡንቻ የማጠንከር ልምምድም ለወራት ተሠርቶ ካልበጃት፣ ሆድ ሳይከፈት በትንሽ ቀዳዳ ከሽንት ቧንቧው ሥር ቀጭን መደገፊያ ጥብጣብ እንደሚገባላትና ብዙ ሳትተኛ ቤቷ እንደምትመለስ ነገረችን። ልምምዱን ለወራት ሠርታው አልበጃትም። እርስዎ ግን ፊስቱላ ካልሆነ የሪፈር ወረቀት አልጽፍም አሉ። ከተማ ያለው ሆስፒታል ደግሞ ያለ እርስዎ ወረቀት አይቀበልም። ሚስቴ ለመታከም መጀመሪያ በደንብ መታመም እንዳለባት ስላስተማሩን እናመሰግናለን።

ሦስተኛ፣ በሰሙነ ሕማማት ስግደት ዘቢደርን የሚቀድማት አልነበረም። አሁን ስታጎነብስ ስለሚያመልጣት ከቅጽሩ ውጭ ትቆማለች። መምሬ ሰይፈ ሥላሴ «በሽታ ኃጢአት አይደለም፤ ግቢ» ቢሏትም «የእግዜርን ቤት ምንጣፍ አላረጥብም» ብላ እንቢ አለች። ለቤተ ክርስቲያን የታመመች፣ ለጤና ጣቢያ ግን ጤነኛ የሆነች ሴት ይዤ በሁለት በር መካከል ቆሜያለሁ። አንዱን የዘጋችው እርሷ ናት፤ ሌላውን የዘጉት እርስዎ ነዎት። እርሷን እኔ አውቃታለሁ፤ ሳትድን አትገባም።

ዘንድሮ እንድትሰግድ ወረቀቱ ጾሙ ሳይገባ ቢጻፍልን እንወዳለን። ካልተመችዎ በየገበያው ቀን ከቢሮዎ ደጃፍ እቀመጣለሁ። ወንበር እንዲያወጡልኝ አልጠይቅም፤ ድንጋይ ላይ መቀመጥ ለምጃለሁ።

የሥራ ዘመንዎን ርዝማኔ በአድናቆት የሚመለከተው፣
ከደጅዎ የማይጠፋው
ማንያዘዋል እንግዳው

ማሳሰቢያ፦ ከቅጽሩ ውጭ ዘቢደር ብቻዋን አይደለችም። በዚያው ምክንያት አጠገቧ የሚቆሙ አንዲት እናት አሉ። ስላልፈቀዱልኝ ስማቸውን አልጽፍም። ልጃቸው ጤና ጣቢያ ይመራል፤ ለምን እንደማይገቡ ግን ጠይቋቸው አያውቅም።