ጠበል የገባው ሞተር

ሐሙስ፣ የካቲት 9

እጄ እስካሁን ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ዛሬ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ከጎረቤት የተዋስነው የውሃ መሳቢያ ሞተር እርሻው ላይ ቀጥ አለ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ውሃ ካየ ሰንብቷል፣ ባሌ ደግሞ ጎንደር ነው። የሰው ንብረት ብሰብርስ እያልኩ፣ ባሌ ሲፈታው እንዳየሁት ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ፈታሁት። ከታች ያለችው ኩባያ ከቤንዚኑ ስር ውሃ ይዛለች። ከየት መጣ ስል ትዝ አለኝ፤ ጠዋት አማቴ ቄሱ ሞተሩን ጠበል ሲረጩት የቤንዚን መክተቻው ክዳን ክፍት ነበር። ክፍት የተውኩት እኔው ነኝ!

ጠበሉን እግር የሚረግጠው ላይ መድፋት ፈራሁና ከአጥሩ እሾህ ስር ደፋሁት። ነፍቼ፣ ጠርጌ፣ መልሼ ገጠምኩ። ገመዱን ሦስቴ ብስበው እምቢ አለኝ፣ በአራተኛው ተነሳ። አማቴ ድምፁን ሰምተው እየሮጡ መጡ።

"አየሽ ልጄ? ጠበሉ ነው ያስነሳው!"

"እውነትዎን ነው አባባ።" ሌላ ምን ልበል?

"በይ ነገም እደግመዋለሁ።"

ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ ዘግቼዋለሁ። ግን "ክፈቺው፣ ውስጡም ይባረክ" ቢሉኝስ...