ቡታጅራ ውስጥ ማን ሊንክ ይቀይራል?

ሰኞ

ቁጥሩን በአንድ ጨመርኩት፤ የማላውቀው ሰው የሽንት ምርመራ ተከፈተ። ደግሜ ጨመርኩ። የአንዲት ነፍሰ ጡር ሴት የደም ውጤት። ደግሜ። የአንድ ሽማግሌ ስኳር፣ ከነስማቸው፣ ከነስልካቸው፣ ከነቀበሌያቸው። እጄን ከማውዙ ላይ አነሳሁት። ሰው ልብሱን ሲያወልቅ ሳላንኳኳ የገባሁበት ያህል አፈርኩ።

አንዲት እናት ናቸው ያስጀመሩኝ። "ልጄ፣ ውጤቴ በስልኬ አልከፈት አለኝ" ብለው መጡ። ክሊኒካችን የላብራቶሪ ውጤት በወረቀት መስጠት ትቶ በቴክስት ሊንክ መላክ ከጀመረ ጥቂት ወራት ሆኖታል። ሊንኩን ስነካው ቀጥ ብሎ ተከፈተ። ፓስወርድ የለ፣ ማን ነሽ ባይ የለ። መጨረሻው ላይ ተራ ቁጥር ብቻ አለ። የሴትዮዋ ቁጥር አለ ማለት የጎረቤታቸውም አለ ማለት ነው።

የክሊኒኩ የኮምፒውተር ባለሙያ እኔ ነኝ። ባለሙያ ሲባል ፕሪንተር አስተካክላለሁ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ እሰደባለሁ። ሲስተሙን የሸጠልን አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ነው። ማሽኑ እኛ ጋ ከፋርማሲው ጀርባ ተቀምጧል፣ ዋናው ፓስወርድ ግን እነሱ እጅ ነው። ናትናኤል ለሚባለው ኃላፊያቸው ደወልኩና አስረዳሁት።

"እህቴ፣ ቡታጅራ ውስጥ ማን ሊንክ ይቀይራል?" አለኝ። ከዚያ ሳቀ።

ስህተት ማንም ይሠራል። ያ ሳቅ ነው የቀፈፈኝ። እኛ ቁጥር መደመር የማንችል ሰዎች ነን ማለት ነው?

ለዶክተር ከድር ነገርኳቸው። ክሊኒኩ የሳቸው ነው። "እስኪያስተካክሉት ድረስ ከኢንተርኔት ላቋርጠው" አልኳቸው።

"ከቡኢ፣ ከጥያ የመጣ በሽተኛ ለአንድ ወረቀት ተመልሶ ይምጣ? ልጆቹ ያስተካክሉታል። ትንሽ ታገሺ።"

ስሜ ትዕግሥት ስለሆነ ሁሉም ሰው በዚች ቃል ሊያዘኝ መብት ያለው ይመስለዋል።

ማክሰኞ

አልተስተካከለም። ናትናኤል ስልክ አያነሳም።

ሥራ ቀዝቀዝ ሲል የሲስተሙን ገጽ ከጀርባው አየሁት። አንድ ስህተት የሚያሳይ መልእክት ላይ የሌላ ሶፍትዌር ስም ተረስቶ ቀርቷል። ፈለግኩት። አገኘሁት። "በኛ ባለሙያዎች ተሠራ" ተብሎ የተሸጠልን ሲስተም ለትናንሽ ክሊኒኮች በበጎ ፈቃደኞች የተሠራ፣ ኮዱ ለዓለም ሁሉ ክፍት የሆነ፣ ማንም በነፃ የሚወስደው ሶፍትዌር ነው! ቀለሙ ተቀይሯል፣ ሎጎ ተለጥፎበታል፣ የሠሪዎቹ ስም ተፍቋል።

መሸጡ አይደለም የሚያናድደኝ። ፈቃዱ ይፈቅድለታል። ሠሪዎቹ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስማችንን አታጥፉ። እሱን እንኳ ነፈጋቸው።

ይሄ ሁሉ ይሁን። ይቺ ቀዳዳ ግን ከብዙ ጊዜ በፊት ተደፍናለች! አንድ ሰው አይቶ ተናግሯል፣ ሌላው አመስግኖ ጠግኖታል፣ ከሥሩ "ሁላችሁም ቶሎ አድሱ" ተብሎ ተጽፏል። የኛዎቹ የሰረቁትን ነገር ተመልሰው አላዩትም። ስም የፋቀ ሰው እንዴት ብሎ ተመልሶ ይጠይቃል?

ከሰዓት በኋላ ናትናኤል በመጨረሻ አነሳ። ይህንን ስነግረው ድምፁ ተለወጠ። "ኮዱ ክፍት የሆነ ነገርማ ሌባም ያየዋል። እኛ ለደኅንነት ብለን ነው የዘጋነው" አለኝ።

ዘጋነው! የዘጋኸው የሚያይልህን ሰው ዓይን ነው። ሌባውማ ኮድ ማየት አላስፈለገውም፣ አንድ መደመር ይበቃዋል። ይህን ልመልስለት ስል ስልኩን ዘጋው። እሱን መዝጋት ያውቅበታል።

ረቡዕ

የምጽፈው እንዲወጣልኝ ነው።

የከተማውን ወሬ የሚያራግብ አንድ የቴሌግራም ቻናል አለ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ጠዋት የሂክማ ውጤት ተለጥፎበት አገኘሁት። የኛ ክሊኒክ ማኅተም ያለበት፣ ስሟ እስከ አያቷ። ሄፓታይተስ ቢ፣ ዓይን ቢጫ የሚያደርገው የጉበት ቫይረስ፣ ፖዘቲቭ።

ሂክማ መናኸሪያው አጠገብ ጁስ ቤት አላት። የምትኖረው በሱ ነው፣ እናቷንም የምታኖረው በሱ ነው። ቡታጅራ ውስጥ አቮካዶዋን ያልጠጣ ሹፌር የለም።

ኮሜንቶቹን አነበብኩ። ባላነብ ይሻለኝ ነበር።

"እሷ ጋ የጠጣችሁ ተመርመሩ"፣ የሳቅ ምልክት።
"ጁሱ ለካ ቢጫ የሆነው በማንጎ አይደለም"፣ ብዙ የሳቅ ምልክት።
"ባል የሌላት በምክንያት ነው።"
"አላህ ይማራት ግን ማወቃችን ጥሩ ነው።"

አንዱን ኮሜንት የጻፈው ሠፈራችን ያለ ልብስ ሰፊ ነው። በስሙ፣ በፎቶው ነው የጻፈው። እሱ እኮ ሰው ሲያስነጥስ ከልቡ "ይማርህ" የሚል ሰው ነው! ስልክ ሲይዝ ምን ይሆናል ሰው? እነዚህ ሰዎች ጁስ ቤቷ ቢገቡ አንዳቸውም ፊቷ ላይ እንዲህ አይሏትም። እዚያ ግን ተራ በተራ መጥተው ይተፉባታል፣ ከዚያ ወደ ኳስ ውጤት ያልፋሉ።

ሄፓታይተስ ቢ በመጠጥ እንደማይተላለፍ፣ በብርጭቆም፣ በእጅ መጨባበጥም እንደማይተላለፍ ጻፍኩ። "የክሊኒኩ ጠበቃ መጣች" ብሎ አንዱ መለሰልኝ። ለሱ ልብ የሰጡት ሰዎች እኔን ከሰሙት ይበዛሉ።

ከፋርማሲው ጀርባ ሄጄ ገመዱን ነቀልኩት። ዶክተር ቆመው ያዩኝ ነበር። ዛሬ "ታገሺ" አላሉም።

ሐሙስ

በምሳ ሰዓት ሂክማ ጋ ሄድኩ። ሌላ ቀን በዚህ ሰዓት መቀመጫ አይገኝም። ዛሬ ወንበሮቹ ሁሉ ባዶ ናቸው። ፓፓያው ተልጦ፣ ተቆርጦ፣ ተሸፍኖ ተቀምጧል። እሷ የታጠበ ብርጭቆ እንደገና ታጥባለች።

"ቲጂ፣ አንቺ እንኳ መጣሽ" አለች፣ ዞር ሳትል።

አንድ ጁስ አዘዝኩ። የምጠጣው ለሷ ብዬ እንደሆነ ገብቷታል፤ አላሳዘነችኝም፣ አሳፈረችኝ እንጂ። ሳልጨርሰው መናገር ጀመረች።

"ምርመራውን ያደረግኩት ደም ልሰጥ ስል እንዳለብኝ ስለነገሩኝ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ለእማዬ እንኳ። ወላሂ፣ እማዬ ከጎረቤት ሰማች። ጎረቤቷ ከልጇ ስልክ አነበበችላት።"

"ጥፋቱ የሲስተሙ ነው። ቀዳዳ ነበረው። ሰኞ ዕለት ነግሬያቸው ነበር" አልኳት።

ብርጭቆውን አስቀመጠችው።

"ሰኞ?"

"ሰኞ።"

"ለማን ነገርሽ?"

"ለሸጡልን ሰዎች። ለዶክተርም።"

"ለእኔስ?"

ትምህርት ቤት የተማርኩት መልስ ነበረኝ። ቀዳዳ ሲገኝ መጀመሪያ ለሠሪው በምስጢር ይነገራል፣ እስኪደፍን ጊዜ ይሰጠዋል፣ ሌባ ቀድሞ እንዳይሰማ። ደንቡ እንዲህ ነው፣ ጥሩ ደንብም ነው። ግን ዓይኗን እያየሁ ልለው አልቻልኩም። ደንቡ ውስጥ ሂክማ የለችማ። ሠሪ አለ፣ አግኚ አለ፣ ሌባ አለ። ደሙ የሷ የሆነው ሰው የትም አልተጻፈም።

"ውጤትሽ በር ላይ ተለጥፏል ብትዪኝ ሰኞውኑ መጥቼ እገነጥለው ነበር" አለች።

ሂሳብ ላወጣ ቦርሳዬን ከፈትኩ። ገንዘቡን አልቀበልም አለችኝ።

ዓርብ

ናትናኤል ራሱ ደወለ! አሁን እህቴ ማለት የለም። "ወይዘሪት ትዕግሥት፣ መረጃው ከመውጣቱ በፊት የሌሎች ሰዎችን ፋይል የከፈትሽው አንቺ መሆንሽን ሲስተሙ መዝግቦታል። ለፖሊስ እናመለክታለን" አለኝ።

ማለትም፦ በሩ ክፍት መሆኑን የነገርኳቸው እኔ ሌባዋ ነኝ።

ዶክተር ቢሯቸው ጠሩኝና በሩን ዘጉት። ጥሩ ሰው ናቸው። ፈርተዋል። "ገመዱ ተነቅሏል፣ ነገሩ ይበርዳል። ለበሽተኞች ምንም እንዳትናገሪ። ስማችን ከጠፋ ክሊኒኩ አለቀለት" አሉኝ።

"የነሱስ ስም ዶክተር?"

መስኮት መስኮቱን አዩ።

አንድ ደህና ነገር፦ ማክሰኞ ለዋናው ሶፍትዌር ሠሪዎች ጽፌላቸው ነበር። የመጀመሪያው መልስ ከአንድ የማላውቀው ሰው ነው፣ "መመሪያውን አንብቢ፣ የኛ ችግር አይደለም" የሚል ንቀት። ነፃ ነገር የሚሰጥ ሰው ሁሉ ደግ ነው ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ዛሬ ግን አንዲት ሴት ጻፈችልኝ። ቀዳዳውን የጠገነችው እሷ ናት። በምን ቅደም ተከተል እንደማድስ በዝርዝር ልካልኛለች። መጨረሻ ላይ "በሽተኞቹ ያውቃሉ?" ብላ ጠይቃኛለች።

ከሂክማ ቀጥሎ ሁለተኛ ሰው ናት የጠየቀችኝ።

ቅዳሜ

ወልቂጤ ደርሼ መጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ ያሉ ሁለት ሴቶች ስለ ሂክማ ያወሩ ነበር። ወሬው ከኔ በፊት ተሳፍሯል።

የሄድኩት ቢኒያምን ላገኘው ነው። ወልቂጤ አብረን ስንማር ከክፍላችን ጎበዙ እሱ ነበር። ትናንት የድሮ ተማሪዎች ግሩፕ ውስጥ "አንድ ክሊኒክ በሁለት ደቂቃ ሰበርኩ" ብሎ ጉራውን ሲነዛ አየሁት። አክስቱ ቡታጅራ ታክማ ሊንኩን አሳየችው። ከዚያ ቁጥር እየቀያየረ ስለከፈተ ሃከር ነኝ ይላል፤ የሂክማን ውጤት ቻናሉ ላይ የለጠፈውም እሱ ነው።

ካፌ በረንዳ ላይ አገኘሁት። ክብደት ቀንሷል፣ ኮፍያ አድርጓል።

"ሕዝብ ማወቅ አለበት ቲጂ። እኔ ባላወጣው እስከ ዛሬ ክፍት ነበር። አመስግኑኝ እንጂ" አለኝ።

"ስሟን ለምን አልሸፈንክም?"

"ስም ከሌለው ማን ያምናል? ማንም ሼር አያደርገውም።"

እንዲህ ነው ያለኝ። ቃል በቃል። ሼር አያደርገውም።

"ቢኒ፣ እናቷ ከጎረቤት ነው የሰማችው።"

ስልኩን ያሽከረክር ጀመር። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አላየም። "እኔ ሲስተሙን ነው ያዋረድኩት፣ እሷን አይደለም" አለ።

"ሲስተሙ ጁስ ቤት የለውም።"

በመጨረሻ ልጥፉን ከቻናሉ አጠፋው፣ እዚያው ፊቴ። ድል ነው ልበለው? ስክሪንሾቱ በየስልኩ ገብቷል፤ ይህን እሱም እኔም እናውቃለን። ስነሳ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ቀዳዳው የተገኘው በሱ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ክሊኒኩ እንዲጽፍለት። ለሥራ ማመልከቻ ይጠቅመኛል ብሎ።

ሻዩን ሳልጠጣው ሄድኩ።

እሑድ

ከቤት አልወጣሁም። አባቴ ጡረተኛ አስተማሪ ነው፤ ከጎጃም መጥቶ እዚህ ስንቱን አስተምሯል። "ቀለምሽ ምን ሆኗል?" አለኝ። ነገርኩት። አስተያየት ይሰጠኛል ብዬ ስጠብቅ "የኔስ ውጤት እዚያ ውስጥ አለ?" አለ።

አዎ፣ ውስጡ አለ። ባለፈው ወር ተመርምሯል።

ድምፁ ውስጥ ፍርሃት ሰማሁ። አባቴ ፈርቶ አይቼው አላውቅም። ምን እንደተመረመረ አልጠየቅኩትም።

ሦስተኛ ሰው ነው የጠየቀኝ።

ሰኞ

ማልጄ ገባሁ። ማሽኑ እጃችን ላይ ስለሆነ የናትናኤልን ፓስወርድ ሳልጠይቅ ሶፍትዌሩን ከዋናው ምንጭ አድሼ አዲስ ፓስወርድ ሰጠሁት። የሴትዮዋ መመሪያ አንድም ቦታ አላሳሳተኝም። የሠሪዎቹም ስም ተመልሶ ገባ፤ ከታች በትንሽ ፊደል ተሰልፏል። ደስ አለኝ፣ ለአፍታ።

ከዚያ የእንግዳ መቀበያውን ስልክ ይዤ መደወል ጀመርኩ። ዶክተርን አላስፈቀድኩም።

የመጀመሪያዋ አለቀሰች። ሁለተኛው ሰደበኝ፣ ልክ ነው። አንድ የቡኢ ገበሬ "የኔን ስኳር ማን አይቶ ምን ያደርገዋል ልጄ?" ብለው ሳቁ፣ ቀጥለው ደግሞ "ለባለቤቴ ግን አልነገርኳትም ነበር። ዛሬ ብነግራት ይሻላል" አሉ።

እየተናገርኩ ሳለ ዶክተር ከድር ገቡ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ። ንግግሬን እስክጨርስ ቆመው ሰሙኝ። ትባረራለሽ የሚለውን እየጠበቅኩ ነበር።

"እንዲህ ዓይነቱን አንቺ ልትነግሪያቸው አትችዪም" አሉ። "ውጤቱ ምን ማለት እንደሆነ ይጠይቁሻል። ከባድ ከባዱን ለኔ ስጪኝ።"

ወንበር ሳቡ። የራሳቸውን ስልክ አወጡ።

"አሰላሙ ዓለይኩም፣ ዶክተር ከድር ነኝ ከቡታጅራ። አይ፣ በሽታህ አልባሰም፣ አትደንግጥ። ውጤትህ ሰው እጅ ገብቶ ሊሆን ይችላል። አዎ። ጥፋቱ የኛ ነው።"

የኛ አሉ። የናትናኤል አላሉም፣ የሲስተሙ አላሉም።

ለሂክማ ሁሉንም እየደወልንላቸው መሆኑን ጻፍኩላት። "እሺ" ብላ መለሰች። ሌላ ምንም። ናትናኤል ይክሰሰኝ አይክሰሰኝ አላውቅም። ክሊኒኩ ከዚህ በኋላ በሽተኛ ያገኝ እንደሆነም አላውቅም። ቻናሉ ዛሬ ሌላ ሰው ይዞ ይስቃል።

ማታ ወደ ቤት ስሄድ ግን ከሚያልፈው ሰው ጋር ሰላም እየተባባልኩ ሄድኩ። ባለፈው ሳምንት ሙሉ አቀርቅሬ ነበር የሄድኩት።