ከስልክ እንጨት ጋር የተቆራኘው ሰው

ሰኞ፣ ኅዳር 4 ቀን 1976

«ያዝኩህ፣ በንጉሥ አምላክ! ዳኛ ፊት ሳንቀርብ ንቅንቅ የለም!» — አቶ ድሮ።
«ኧረ ልቀቀኝ ጓድ፣ እኔ እንኳ ሥራ አለኝ!» — የስልክ እንጨቱ።

ቃል በቃል ይኸው ነው። ዛሬ ጠዋት በመሥሪያ ቤታችን የግድግዳ ጋዜጣ ላይ፣ የፊርማ መዝገቡ ከሚቀመጥበት ጠረጴዛ በላይ ተለጥፎ አገኘሁት። ሥዕሉ ላይ ያለው ሰው የእኔን መነጽር አድርጓል። ሠዓሊው ራሴ ላይ የቀረችውን ጥቂት ፀጉርም አልማራትም። ሰውየው ኩታውን ወገቡ ላይ ከስልክ እንጨት ጋር ቋጥሮ እንጨቱን በከዘራ ያስፈራራል። እጁ ላይ የሳህን ያህል ሰዓት አለ።

ለመፈረም የተሰለፈው ሁሉ ይስቅ ነበር። ተሰልፌ ፈረምኩ።

ስህተቶቹ፦ ለሙግት ስወጣ ሰዓት አላስርም፣ ቤት አስቀምጬው ነው የምሄደው። ቋጠሮው ጫፍ ከጫፍ ነው እንጂ ወገብ ላይ አይደለም። በከዘራ ማንንም አስፈራርቼ አላውቅም። አራተኛ፣ እኔ የምቆራኘው ከሰው ጋር ነው።

ያቃጠለኝ አራተኛው ነው። እሑድ እሑድ ሦስት ሆነን ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ከዓሣ ገበያው አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር፣ የጥንቱን ሙግት እንደነበረው አድርገን እንጫወታለን። እኔ ከሳሽ ነኝ። የመዝገብ ቤታችን ታይፒስት አቶ ዳንጊሶ ተከሳሽ ነው። ጨርቅ ነጋዴው ከድር ዳኛ ነው። በድሮው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪያገኙ ድረስ በኩታቸው ጫፍ ተቆራኝተው ይውሉ ነበር። እኛም እንደዚያው ነን። ዓሣ እንኳ የምንበላው ተቆራኝተን ነው። የምንጫወተው፣ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሽማግሌዎችን እየጠየቅሁ በሞላሁት ደብተር መሠረት ነው። ሁለት ዓመት ሊሆነን ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5

ሥዕሉን የሣለው ጥላሁን ነው፣ የንድፍ ክፍሉ። ጠረጴዛው ድረስ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ቀልድ እኮ ነው» አለኝ።

«ሰዓት አላስርም።»

«ሰዓቱን ካወጣሁትማ ሰው በምን ይስቃል?»

«ሁለቱ ሰዎችስ የት ሄዱ?»

እርሳሱን አስቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሦስት ሰው ከሣልኩ ማኅበር ይመስላል። አንድ ሰው ከሆነ እብድ ነው፤ እብድ ደግሞ አይጠየቅም። ለእርስዎው ብዬ ነው።»

ያመስግኑኝ የሚል ይመስላል። ጥዬው ወጣሁ።

ተማሪ ሳለሁ በውጭ አገር መጽሔቶች ላይ እንዲህ ያሉ ሥዕሎች አይቻለሁ። የብረት ልብስ የለበሰ ሰው አውቶቡስ ይጠብቃል። ጋሻ የያዘ ሰው ሚስቱ ቆሻሻ ድፋ ትለዋለች። ያኔ ስቄያለሁ። አሁን ሳስበው ሁሉም አንድ ቀልድ ነው፤ ሰውየው ዘመኑ የጠፋበት ሞኝ ነው፣ ሁልጊዜም ብቻውን ነው። አብሮት የሚጫወት ሰው ሣሉለት ማለት ቀልዱ አለቀ ማለት ነው። እኛ ስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ ጠፍቶን አይደለም። ከድር ፍርድ ሰጥቶ ሲነሳ ቀጥሎ የሚሄደው ሱቁን ሊከፍት ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 6

ለጋዜጣው ኮሚቴ ሁለት ገጽ ተቃውሞ ጻፍኩ። አሥራ አንድ ነጥብ ወጣው። እንዲተይበው ለአቶ ዳንጊሶ ወሰድኩለት። የመጀመሪያውን መስመር አነበበና መለሰልኝ።

«ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ጋሼ።»

ማሽኑ ላይ ግማሹ የተተየበ ወረቀት ነበር። ቀና ብሎ አላየኝም።

ዛሬ ያናገሩኝ ሰዎች፦ ዘበኛው (ደህና ዋሉ)፣ ዳቦ ሻጯ (ስንት ልስጥዎት)። ሌላ የለም። ምሥራቅ ሰፈር ያለው ቤቴ ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱን አልከፍተውም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7

ከሥራ ስወጣ ከድር ሱቅ ገባሁ። አቡጀዲ እየለካ ነበር። የመጣችው ሴትዮ እስክትወጣ ጠበቀ።

«ማክሰኞ ማታ ዳንጊሶን ቀበሌ ጠርተውት ነበር» አለኝ። «ሥዕሉን ያየ ሰው አውርቶ ነው። ‹የምትጠሩት ንጉሥ የትኛው ነው?› አሉት።»

«ምን አለ?»

«ዓሣ እንበላለን አለ። ምን ይበል?»

ልወጣ ዞርኩ። ከድር ግን አልተወኝም። «ዳንጊሶ ስንት ጊዜ ለመነህ? ‹በሕግ አምላክ› እንበል አለህ። እኔ ዳኛው ፈቀድኩ። አንተ ግን የዳኛ ዳኛ ነህ፣ መቼ ትሰማለህ!»

«ያኔ ይባል የነበረው…»

«ያኔ! ያኔ የሚያስሩት የያኔን ሰው ነበር። አሁን የሚያስሩት ዳንጊሶን ነው።»

እሑድ ትመጣለህ ወይ አልኩት። «ተከሳሽ ከመጣ እመጣለሁ። ዳኛ ለአንድ ሰው አይቀመጥም» አለኝና ወደ ጨርቁ ተመለሰ።

ቤት ገብቼ ደብተሩን ገለጥኩ። ሰው ለማስቆም ምን ይባል እንደነበር አንዱን ሽማግሌ ጠይቄያቸዋለሁ። መልሳቸው በራሴ እጅ ተጽፏል፦ ‹በንጉሥ አምላክም ይባላል፣ በሕግ አምላክም ይባላል።› ከሥሩ አስምሬበታለሁ። ዛሬ ያገኘሁት አይደለም። አውቀው ነበር። አቶ ዳንጊሶ ሲለምነኝም አውቀው ነበር። አንደኛውን የያዝኩት ለጆሮዬ ስላማረኝ ብቻ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 8

ምንም። ሥዕሉ እንደተለጠፈ ነው። አቶ ዳንጊሶ ምሳውን ሌላ ቦታ በላ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9

በጋሪ አቶ ዳንጊሶ የሚኖርበት መንደር፣ ቡሹሎ፣ ሄድኩ። አቶ ዳንጊሶ ጓሮ እንሰቱ መሐል ነበር። ሚስቱ ግቡ አለችኝ፤ እሱ ግን ከአጥሩ ሳያልፍ አናገረኝ።

ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የሄድኩት። አፌ የተናገረው ሌላ ነው፦ «አቶ ዳንጊሶ፣ ያለ ጽሑፍ መጥሪያ መሄድ አልነበረብዎትም።»

«ጸሎት ቤታችን ከተዘጋ ጀምሮ ስሜ ቀበሌዎቹ ጋ አለ። ልጆች አሉኝ። ሌላ ምክንያት አልጨምርላቸውም።»

«ተቀይመውኛል?»

«አልተቀየምኩም። ጋሼ፣ እርስዎ ሰው ሲያርሙ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ራስዎን ሲያርሙ ግን አንድ ቀን አልሰማሁም።»

ይኼኔ መናገር ነበረብኝ። ጋሪው እየጠበቀኝ ነው አልኩ። ሚስቱ አንድ ጎመን እቅፍ አድርጋ አምጥታ ሰጠችኝ። ተቀብዬ መጣሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 10

የማይመጡ መሆናቸውን እያወቅሁ ሄድኩ። ኩታዬን ለብሼ ከዛፉ ሥር ቆምኩ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞሮች የዓሣ ሆድ ዕቃ ይሻማሉ። ዓሣ የምትጠብሰው ሴትዮ ከሩቅ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ተከሳሹ ዛሬ ታረቀ እንዴ?»

«አልታረቀም።»

«ታዲያ ለአንድ ሰው ልጥበስ?»

ለአንድ ሰው ጠበሰች። ሌላ ጊዜ አቶ ዳንጊሶ በጎተተኝ ቁጥር ጉርሻዬ ይወድቅ ነበር፣ እኔም እቆጣ ነበር። ዛሬ ሁለቱም እጄ ነፃ ነው። ግማሹን ትቼው ተነሳሁ።

ለኮሚቴው የጻፍኩትን ሁለት ገጽ ቀደድኩት። ጥላሁን ሰዓቱን እንጂ ሌላውን አልተሳሳተም፤ ዛሬ ዛፉ ሥር የቆመው ሰው የሣለው ሰው ነው። በምትኩ ሌላ ደብዳቤ ጻፍኩ። ወረቀት ሰው እጅ ሊገባ ስለሚችል ቀበሌንም ንጉሥንም አላነሳሁም።

«ለአቶ ዳንጊሶ፣ ቡሹሎ።
ጉዳዩ፦ ስህተትን ስለ ማመን።
አንደኛ፣ ሁለቱም አባባሎች በደብተሬ አሉ። እያወቅሁ አንዱን ብቻ ያዝኩ። ስህተቱ የእኔ ነው፣ ጉዳቱ ግን በእርስዎ ደረሰ። ይቅርታ እጠይቃለሁ።
ሁለተኛ፣ ከእንግዲህ የሚባለው እርስዎ ያሉት ብቻ ነው።
ሦስተኛ፣ እሱም የማይመችዎት ከሆነ ሙግቱ ቀርቶ ዓሣ ብቻ እንበላለን።»

ሦስተኛውን ለመጻፍ ከሁለቱ የበለጠ ጊዜ ፈጀብኝ። መጨረሻው እንዲህ ይላል፦

«ስለዚህ በመጪው እሑድ ይምጡ ወይም አይምጡ፣ እስከ ዓርብ ኅዳር 15 ቀን ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ በጽሑፍ እንዲያሳውቁኝ በጥብቅ አሳስባለሁ።»

‹በጥብቅ አሳስባለሁ› የሚለውን ሰርዤ ‹እለምንዎታለሁ› አልኩ። ቀኑን ግን አልሰረዝኩም።